ማሽኑ ያላየው ሐሙስ

«ውጭ ፀሐይ፣ ውስጥ ዝናብ! ሙት ሲናገር በዚህ በጆሮዬ ሰማሁ!»

ይህን ወሬ እትዬ ይታይሽ መጀመሪያ ያወራችው የእንድሪስ ሬሳ ከተገኘበት ክፍል ደጃፍ ቆማ ነው። ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዛት! ለባጃጅ ነጂው፣ ለጫማ ጠራጊው፣ ለፋርማሲዋ ልጅ፣ ሻይ ለቀዳችለት ሁሉ ከስኳሩ ጋር እያማሰለች አቀረበችው። የደሴ ፒያሳ ደግሞ ወሬ ሲመጣ ወንበር የሚስብ ሰፈር ነው። በማግስቱ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ የእንድሪስ ስቱዲዮ የጅኒ ቤት ሆኖ ነበር።

ኢንስፔክተር ጣይባ ግን ለጅኒ ጊዜ አልነበራትም።

የተጠራችው ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። እንድሪስ መንዙማ በሚቀርጽባት ቆርቆሮ ክዳን ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የማይክራፎኑ የብረት መቆሚያ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ጫፉ ላይ ደምና ፀጉር አለ። መብራት ሄዶ ስለነበር ኮምፒዩተሩ ጨልሟል። በጆንያ የታጨቁት አሮጌ ካሴቶች እንዳሉ ናቸው። ሌባ አልገባም።

«ማነው ያገኘው?»

«እኔ ነኛ!» አለች ይታይሽ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። «ብርጭቆዬን ልሰበስብ ብገባ ተደፍቶ አገኘሁት። ሱጁድ የወረደ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩት እኮ!»

«ከዚያ በፊት መቼ አዩት?»

«ማየቱንስ ጠዋት ሻይ ሳቀብለው ነው። ድምፁን ግን ዙህር ላይ ሰምቼዋለሁ። ‹ሂሻም! ያን ካሴት ብትነካ እጅህን እሰብረዋለሁ!› ብሎ ሲጮህ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝናቡ!» ዐይኗ ፈጠጠ። «ከውስጥ ዝናብ ይወርዳል። ቆርቆሮው ሲንጫጫ እሰማለሁ። ቀና ብል ሰማዩ እንደ ሳህን ጠርቷል። እንኳን በር ላንኳኳ፣ ስሸሽ ጫማዬ መንገድ ቀረ። ውጭ ፀሐይ፣ ውስጥ...»

«እትዬ ይታይሽ፣ ዝናቡን ይተዉትና ጩኸቱን ይንገሩኝ።»

ዝናቡን ይተዉት። ይህችን ቃል ጣይባ ዛሬም ትሰማታለች፤ ያውም በራሷ ድምፅ። እጇን ስትታጠብ እንኳ ከቧንቧው ውስጥ ትሰማታለች።

*

የሟች የእህት ልጅ ሙንዚር ፊቱ በእንባ አብጦ ነው የመጣው። ወሎ ውስጥ መውሊድ ደግሶ ሙንዚርን ያልጠራ ሰው ጎረቤቱ ያማዋል፤ መንዙማ ሲል ድንጋይ ያስለቅሳል ይባልለታል። በተለይ እሱ ራሱ የደረሳት አንዲት መንዙማ ስሙን ከደሴ እስከ ጅማ አድርሳዋለች።

«ዙህር ላይ የት ነበርክ?» አለችው።

«መስጂድ፤ የፊተኛው ሰፍ፣ ረድፉ ላይ። ኢማሙን ጠይቂ። ጀመዓው ሁሉ አይቶኛል።»

ጠየቀች፤ እውነት ነው። አዛን ሲባል ገብቶ፣ ሶላቱ ካለቀ በኋላ እንኳ ከሽማግሎች ጋር ተቀምጦ ቀርቷል። ጩኸቱ በተሰማ ሰዓት ምስክር በምስክር ላይ ነበረው።

«አጎትህን ኮምፒዩተር ላይ ታግዘው ነበር?»

«እኔ?» በእንባው መሀል ሳቅ ብጤ መጣበት። «እኔ ጉሮሮ ብቻ ነኝ እህቴ። ማብራቱንም አላውቀው። እሱ የሂሻም ሥራ ነው።»

«ሂሻም ማነው?»

ሙንዚር መልስ ከመስጠቱ በፊት ቆየት አለ። ሰው ጓደኛውን ላለመጉዳት የሚቆየውን ያህል። «ድምፅ የሚያጸዳልን ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ። ክፉ አይደለም ወላሂ። ካሴቶቹን ልውሰድ እያለ ነበር ከአጎቴ ጋር የሚጣሉት። ግን ሰው ለካሴት...» አለና አንገቱን ደፋ።

ሳጅን ከሊድ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ጡረታው የደረሰ፣ በቆቡ ራሱን እያከከ የሚያስብ ሰው ነው። ሙንዚር ሲወጣ «በጣም የተመቸ ሐዘን ነው» አለ።

«ሰው ሲያለቅስም ይጠረጠራል ጋሽ ከሊድ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። አንቺ ነሽ ኢንስፔክተሯ።»

*

ኮምቦልቻ የሂሻም ክፍል የፋብሪካ ሠራተኞች በተከራዩት ረድፍ ቤት መጨረሻ ላይ ናት። ግድግዳዋን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ለብዷታል፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ። ካርቶን ያልነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ከእህል ነጋዴ የተሰጠ የግድግዳ ካላንደር ተሰቅሏል።

የእንድሪስን ሞት ሲሰማ ሂሻም የተቀመጠበት ወንበር ላይ እንደገና ተቀመጠ። «ኢና ሊላሂ» አለ። «ጋሼ እንድሪስ?»

«ሐሙስ ዙህር ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከቦሩ ሜዳ በጠዋት ተነሥቼ መጥቼ፣ ከዚህች ወንበር አልተነሣሁም።»

«ማን አየህ?»

«ማን ያየኛል? ጎረቤቶቼ ፈረቃ ገብተዋል።»

«ስልክህ ግን ቦሩ ሜዳ ነው ያለው። ደሴ አፍንጫ ሥር።»

«እናቴ ጋ ነው። ሆስፒታል ተኝታለች። ዘመድ ሲደውል እንድታነሣው ብዬ ትቼላት ነው የመጣሁት።»

«እንድሪስ ስምህን ጠርቶ ሲጮህ ሰፈሩ ሰምቷል። እጅህን እሰብረዋለሁ ብሎ።»

የሂሻም ፊት ላይ ያየችው ድንጋጤ ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። ያን ቀን ግን ሁለቱን አልለየቻቸውም። «ብሎኛል» አለ። «ግን በክረምት ነው! እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ። ታርቀን፣ ዱአ አድርገን፣ አብረን ምሳ በልተናል።»

«ሐሙስ ምን ትሠራ ነበር ታዲያ?»

«የእናቴን ድምፅ ሳጸዳ ነበር። ስትመርቀኝ በስቱዲዮው መቅረጫ ቀርጬ፣ የዋርዱን ጫጫታ እየቀነስኩላት። ከዚያ መቅረጫውን ባዶ አድርጌዋለሁ፤ ያለው እዚህ ብቻ ነው።» ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አሮጌ ኮምፒዩተር በመዳፉ ነካት፤ ሰው በቅሎውን እንደሚነካ።

«የፋይሉ ስም?»

«ስም አልሰጠሁትም። ማሽኗ የሰጠችውን ቁጥር ነው የያዘው። ቆይ አንዴ ላብራና...»

«እጅህን ሰብስብ!» አለች ጣይባ። «ተጠርጣሪ ማሽን አይነካም። ስም የሌለውን ነገር ማግኘት እኔ አውቅበታለሁ።»

እውነትም ታውቅበታለች። ኮምፒዩተር ማንም አላስተማራትም። የጣቢያው ወንዶች መዳፊት ይዘው ፎልደር በፎልደር እየከፈቱ እንደ ጠፋ በግ ፋይል ሲጣሩ፣ እሷ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ትጽፋለች፤ ማሽኑ ራሱ ሄዶ ይፈልግላታል። ሥልጠና ሲመጣ ሁሌም የሚላኩት እነሱ ነበሩ። እሷ ከስልኳ ላይ እያየች፣ እየተሳሳተች፣ አንድ ጊዜ የገዛ ላፕቶፗን አጥፍታ እያለቀሰች ነው የተማረችው። ስለዚህ ኩራቷን ማንም አልሰጣትም፤ ማንም እንዲነካባትም አትፈልግም።

ዲስኩን ራሷ ፈታ አወጣች። ደንቡ እንደሚለው ደረሰኝ ጻፈችለት። «ቀኑ ስንት ሆነ?» አለችና ቀና ብላ ከግድግዳው ካላንደር አይታ ሞላችው።

*

ቢሮዋ ተመልሳ ዲስኩን ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። እንዳይበላሽ ለንባብ ብቻ ከፈተችው። በዚህ በኩል ስሕተት የለባትም፤ መጽሐፍ የሚለውን ሁሉ አድርጋለች። ያ ነው ኋላ ያቃጠላት።

ትእዛዙ አጭር ነው፦ ፋይንድ። ከዚያ የት እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈልግ። ከዚህ ዲስክ ላይ፣ ከሐሙስ ወዲህ የተጻፈ ወይም የተነካ ፋይል ካለ አውጣ አለችው። መልሱን ስትጠብቅ እጇን በደረቷ አጣጥፋ ነበር።

ማሽኑ ዝም አለ። ፋይንድ ሲያገኝ ይዘረዝራል፤ ሲያጣ ይቅርታ አይልም፣ ምክንያት አይሰጥም። ባዶ መስመር ያወጣና ቀጥዪ ይላል።

ፎልደሮችንም ጨምራ ጠየቀች። ቀኑን ወደ ወር አሰፋችው። ባዶ መስመር።

«ምን አለሽ?» አለ ከሊድ።

«ምንም።»

«ምንም ሲል የለም ማለቱ ነው፣ ወይስ አላየሁም ማለቱ?»

«ማሽን ነው ጋሽ ከሊድ። ዐይኑ አይፈዝም።»

ከፒያሳው ስቱዲዮ የመጣውን ዲስክ ደግሞ በሂሻም ስም አሰሰችው። ለሂሻም የተጻፈ፣ ሂሻም ያጸዳው፣ የሂሻም ካሴት። ስሙ ገጽ ሞላ። የጠየቀችው ስለ ሂሻም ነውና የመለሰላት ስለ ሂሻም ነው። በልቧ ክሱን ጨረሰችው።

ሂሻም ታስሮ መጥቶ ምርመራ ክፍል ሲገባ ከበር ጀምሮ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «እናቴ እንዴት ናት?»

«ሐሙስ እዚያ ማሽን ላይ አልሠራህም» አለችው። «ወር ሙሉ አልነካኸውም። ዲስኩ ባዶ ነው።»

«ባዶ?» ሳቅ ይሁን ሲቃ የማይታወቅ ድምፅ አወጣ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ በየቀኑ ነው የምሠራበት! እባክዎ ዲስኩን ቦታው ይመልሱትና ማሽኗን ራሷን ያብሯት። እኔ አልነካም፤ ከሩቅ ሆኜ ልንገርዎት።»

«ለማሳየት ሳይሆን ለማጥፋት ብትፈልግስ?»

«የእናቴን ድምፅ? አጥፍቼ ምን ልሆን?»

በዚህ መሀል ከሊድ ገብቶ በጆሮዋ አንሾካሾከ። ከቦሩ ሜዳ፣ ከልጁ ስልክ ተደውሏል፤ ነጂባ፣ የሂሻም እናት፣ ከበዳት። ልጄን አምጡልኝ ትላለች።

ሂሻም ከከንፈራቸው አንብቦት ኖሮ ተነሣ። «እጄን አስረው ይውሰዱኝ። አንዴ ልያት። አንዴ ብቻ።»

ጣይባ የልጁን እጅ አየች። ውስጧ የሆነ ነገር ውሰጂው አላት። ግን ሌላኛው፣ ያ ማንም ያልሰጣት ኩራት፣ ቀድሞ ተናገረ።

«ሐሙስ የት እንደነበርክ እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ራሴ አደርስሃለሁ።»

«ነግሬዎታለሁ እኮ።»

«ዲስኩ እንደሱ አይልም።»

ኮሪደሩ ላይ ከሊድ ቆቡን አውልቆ ያዛት። «ልጄ፣ እኔ ልውሰደው። ቦሩ ሜዳ እኮ ማዶ ነው። አስሬው እሄዳለሁ፣ አስሬው እመጣለሁ።»

«እየዋሸኝ ልሸልመው?»

«እናት ሽልማት ናት እንዴ?»

ጥላው ሄደች። ቢሮዋ ገብታ ያንኑ ትእዛዝ ደግማ ጻፈች። ባዶ መስመሩን ስታይ እፎይ አለች። አላህ ይቅር ይበላት፣ እፎይ አለች።

*

ነጂባ ሰኞ ጠዋት ሞተች።

ወሎ ጀናዛ አያሳድርም። ጣይባ ፈቃድ አስፈርማ፣ መኪና ለምና፣ ሂሻምን ይዛ ቦሩ ሜዳ ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ተመልሷል። ሰዎች አካፋቸውን እያራገፉ ነበር። ልጅ እናቱን በእጁ ተቀብሎ ጉድጓድ ማውረድ ሲገባው፣ የወረደችው በጎረቤት እጅ ነው።

ሂሻም አላለቀሰም። ካቴናውን ከሊድ ሳይታዘዝ ፈታለት። ልጁ አፈሩ ላይ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቶ ቆየ። ከዚያ ወደ ጣይባ ዞረ።

«አንቺ» አላት። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ነበር የሚላት። «ድምፁ አለ። እዚያ ዲስክ ላይ አለ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

አንዲት አሮጊት ከኋላ «ይቺ ናት የከለከለችው?» ስትል ተሰማ። ጣይባ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች።

*

ሲመለሱ ከሊድ መኪናውን ፒያሳ አቆመ። «አንድ ሻይ ካልጠጣሽ ትወድቂያለሽ» ብሎ እየገፋ የይታይሽ በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ይታይሽም ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«እኔኮ ብዬ ነበር። ውጭ ፀሐይ፣ ውስጥ ዝናብ። ያን ለት የሆነች ጅብ ወልዳለች። ፀሐይና ዝናብ ሲገናኙ ጅብ ነው የምትወልድ።»

«አቦ ተይን እስቲ እትዬ ይታይሽ!» አለ ከሊድ። «በኅዳር ዝናብ ከየት አመጣሽ? ከመስከረም ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። የመጨረሻ የዘነበው በክረምት...»

ጣይባ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

በክረምት ነው። እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ።

«እትዬ ይታይሽ» አለች፤ ድምፇ ቀጥኗል። «ዝናቡን ይንገሩኝ። ጩኸቱን ይተዉት፤ ዝናቡን።»

ይታይሽ በሕይወቷ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም። ተመቻችታ ተቀመጠች። «ምን እነግርሻለሁ፤ ዝናቡ ነው የቀደመ። ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ። ከዚያ እንድሪስ ጮኸ። ሂሻም ሲመልስ ግን አልሰማሁም። ከዚያ ዝናቡ ጭጭ! አላባራም እኮ፤ ቢላ እንደቆረጠው ጭጭ ነው ያለው።»

«ሰው ሲወጣስ?»

«ማንም አልወጣም። ሸሽቼ የመጣሁት እዚሁ እኮ ነው፤ በሩ ፊት ለፊቴ! ሙት በበር ይወጣል እንዴ?»

*

የፒያሳውን ዲስክ እንደገና ከፈተችው። አሁን ስም አልጠየቀችም። ከይታይሽ ደጃፍ ድረስ እያሰበች የመጣችው አንድ ነገር ነው፤ ጩኸቱ አጭር ነበር፣ ያጮኸው ሰው ግን ርቆ ለመሄድ ጊዜ አስፈልጎታል። ያ ጊዜ ዝምታ ነው። ዝምታ ደግሞ ዲስክ ላይ እንደ ድምፅ ሁሉ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ፋይንድን በክብደት ጠየቀችው፤ ከሁሉ የከበደውን የድምፅ ፋይል አውጣ።

አወጣ። የተቀመጠው «የሙንዚር ልምምድ» በሚል ፎልደር ውስጥ ነው። የተጻፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ። ስትከፍተው የድምፁ ምስል እንደ ሜዳ ተዘርግቶ፣ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ኮረብታ አበቀለ።

ማብራቱን እንኳ የማያውቀው ሙንዚር ሲጠራ ደህና ቁርስ በልቶ ነው የመጣው።

«አንድ ነገር ስማልኝ» አለችው ጣይባ። ላፕቶፑን አዙራ፣ ከሜዳው ማለቂያ ትንሽ ቀደም ብላ አስጀመረችው።

ዝምታ። ውጭ ባጃጅ አለፈ። ከሊድ ራሱን አከከ። ሙንዚር መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ፈገግታው እፊቱ ላይ ተረስቶ ቀረ። ዝምታው ቀጠለ። ድንገት ሁለት እጁን አንሥቶ ጆሮውን ያዘ።

«ምን ሰማህ?» አለች ጣይባ።

«ም... ምንም።»

«እኔም ገና ምንም አልሰማሁም። ጋሽ ከሊድ፣ እርስዎስ?»

«ኧረ ምንም።»

በዚህ ጊዜ ዝናቡ ወረደ። በክረምት፣ ማይክራፎኑ ሳይጠፋ ተረስቶ የተቀረጸ ዝናብ፤ በላዩም የእንድሪስ ድምፅ፦ «ሂሻም! ያን ካሴት ብትነካ...»

ሙንዚር ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አላስፈለገውም። ያቺ ስሙን ያስጠራችው መንዙማ የሱ አይደለችም። አንድ ከሞቱ የቆዩ የሐርቡ ሽማግሌ ከነዜማዋ ካሴት ላይ ትተዋት ነበር። እንድሪስ ካሴቱን አገኘውና የባለቤቷን ስም ጠርቼ ለሕዝብ አሰማታለሁ አለ። ሙንዚር ለመነ። አጎቱ ጀርባውን ሰጥቶት የማይክራፎኑን ሽቦ መጠቅለል ጀመረ። «ጀርባውን ባይሰጠኝ» አለ ሙንዚር፤ ደጋግሞ። «ቢያየኝ ኖሮ...» የቀረውን ያደረገው በድን አጠገብ ተቀምጦ ነው። የድሮውን ጠብ ቅጂ ወስዶ፣ ከፊቱ ረጅም ዝምታ ቀጠለለትና አስጀምሮት መስጂድ ሄደ። ሊያጠፋው ሲመለስ ይታይሽ ቀድማዋለች።

«በሂሻም ላይ ለምን?» አለችው።

«እናቱ ታማለች፤ ሰው ያዝንለታል፣ ቶሎ ይለቁታል ብዬ።»

ጣይባ ቃሉን የምትጽፍበትን እስክሪብቶ ያዘች እንጂ አልጻፈችም። ነፍሰ ገዳዩ እንኳ ከሷ የተሻለ ርኅራኄ ጠብቆ ነበር።

*

ሂሻም ዕቃውን ሊወስድ የመጣው ለቅሶው ከተነሣ በኋላ ነው። ጣይባ ወንበር ሳበችለት፤ አልተቀመጠም።

«ዲስኬን» አለ።

«አንድ ጊዜ አብረን እንፈልገው። እባክህ።»

መለመን አታውቅበትም፤ ከሊድ እንኳ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ዲስኩን ሰካች። በዚህ ጊዜ ቀኑን ከትእዛዙ ውስጥ አወጣችው። የድምፅ ፋይል የሆነውን ሁሉ፣ መቼም ይጻፍ መቼ፣ አውጣ አለች።

ስክሪኑ እንደ ቦርከና ወንዝ በክረምት ደፍርሶ ወረደ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ቀን አለው። ከሁሉ አዲስ የሆነውን ፈለገች። ከሁሉ አዲሱ የተጻፈው ከሰባት ዓመት በፊት ነው ይላል።

ዲስኩን ገልብጣ የጀርባውን ወረቀት አየች። የተሠራበት ቀን ተጽፎበታል፤ ያምናው። ልጁ ከእናቱ ቀድሞ ተወልዷል። ፋይሎቹ የተጻፉት ዲስኩ ራሱ ወደዚህ ዓለም ሳይመጣ ነው።

የመጨረሻውን ፋይል ከፈተችው።

መጀመሪያ የተፋቀ ጫጫታ፣ ከዚያ የደከመች ሴት ድምፅ። «ተቀረጸ? ... እህ። ሂሻሜ፣ አላህ ከጎደሎ ቀን ይሰውርህ። ከክፉ ጎረቤት፣ ከክፉ ዳኛ ይሰውርህ። ባለህበት ያግኝህ፣ የሚፈልግህ አይጣህ...»

«አሚን» አለ ሂሻም በቀስታ። እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ዲስኩን ነቅሎ በመሐረብ ጠቀለለው።

«ቀኑ» አለች ጣይባ። «ይሄ ቀን... ማሽኑ ላይ ቀኑን ማነው የሚሞላው?»

«እኔ። የሰዓት ባትሪዋ ሞቷል። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኗ ይጠፋባታል፤ ኢንተርኔት የላትም፣ እኔ በእጄ እሞላላታለሁ።»

«ከምን አይተህ?»

ሂሻም በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዞር ሳይል መለሰላት።

«ከግድግዳው ካላንደር ነዋ። በፈረንጁ ሳይሆን በኛው አቆጣጠር። አንቺም እኮ ደረሰኙን የሞላሽው ከሱው አይተሽ ነው።»